የተራ ውሻ

«ምን ዓይነት ውሻ ባሳድግ ይሻላል?» የሚባለው ጥያቄ ለአዲስ አበባ አዲስ ነው። የቀድሞው ጥያቄ «ውሻ አላችሁ እንዴ?» የሚል ነበር። ጠያቂውም በር ላይ ቆሞ ለመግባት የፈራ እንግዳ ነው። መልሱ «ታስሯል፣ ይግቡ» ነው። እንግዳው አንድ ዓይኑን ሰንሰለቱ ላይ፣ አንድ ዓይኑን መንገዱ ላይ አድርጎ ይገባል። ስለ ዝርያው የሚጠይቅ የለም።

ዛሬ ቴሌግራም የከፈተ ሰው የቡችላ ገበያ ያገኛል። «ንጹህ ጀርመን»፣ «ክልስ»፣ «ሮትዋይለር፣ ወንድ፣ የሁለት ወር»፣ «እናትና አባቱን ማየት ይቻላል»። መቼም ለጋብቻ ሰባት ቤት መቁጠር የለመደ ሕዝብ፣ ውሻም ላይ ዘር መቁጠሩ አይቀርም። ገዢው ፎቶ አይቶ ይወስናል፤ ጆሮው የቆመ፣ ጀርባው የጠቆረ፣ እግሩ የወፈረ። ግቢው ስንት ካሬ እንደሆነ፣ ቀን ቀን ቤት ውስጥ ማን እንደሚውል፣ ለውሻው ምን እንደሚተርፍ ግን ፎቶው ላይ የለም።

ነገሩን ከታሪክ አንጻር ካየነው፣ ይህች ከተማ ከተቆረቆረች ጀምሮ ውሻዋን በዝርያ መርጣ አታውቅም። የመረጠችው በአጥሯ፣ በሌሊቷ፣ በትራፊዋና በእምነቷ ነው። ይህን አመራረጥ ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው ሰፈር ደግሞ፣ የሚገርመው፣ ግቢ ከሚባል ነገር ጋር ብዙም የማይተዋወቀው መርካቶ ነው። እዚያ ለመድረስ ግን ትንሽ ዞር ማለት ያስፈልጋል።

ስም ያልወጣለት ዘር

«የሐበሻ ውሻ» የምንለው ፍጡር በየትኛውም የዝርያ መዝገብ ውስጥ የለም። ቡላ ወይም ጥቁር ወይም ቡራቡሬ፣ ጸጉሩ አጭር፣ ወገቡ ቀጠን ያለ፣ ጅራቱ ወደ ላይ የተጠመዘዘ፣ ጆሮው ግማሹ የቆመ ግማሹ የታጠፈ። ፈረንጆች ስም ሊያወጡ ሞክረው ነበር። ጸጉር አልባውን የአፍሪካ ውሻ «የአቢሲኒያ የአሸዋ ቴሪየር» ብለው የጠሩበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለ መላጣ ውሻ ጎንደር ወይም ሸዋ መንገድ ላይ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ፤ አሸዋውስ የት አለና!

እንዲህ ዓይነቱን ውሻ ብዙ ሰው «የተበላሸ ዘር» ይመስለዋል፤ ድሮ ንጹህ የነበረ፣ በኋላ በየመንገዱ የተደባለቀ። ሳይንሱ በተቃራኒው ነው የሚያየው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ የዘረመል ጥናት በግብፅ፣ በኡጋንዳና በናሚቢያ የሚገኙ የመንደር ውሾችን መርምሮ ነበር። ከማዕከላዊ ናሚቢያ በስተቀር አብዛኞቹ ከአውሮፓ ውሾች መከለስ የመጡ ሳይሆኑ የራሳቸው ጥንታዊ የዘር ሐረግ ያላቸው ሆነው ተገኙ። የአውሮፓ ዝርያዎች አብዛኞቹ ግን ባለፉት 200 ዓመታት ገደማ በሰው ምርጫ የተሠሩ ናቸው። በዕድሜ ከሆነ ጀርመን ሼፐርድ የትናንት ልጅ ነው።

የመንደሩን ውሻ ማን መረጠው? እረኛው፣ ማጀቱና ጅቡ። ሌሊት በረት ዳር ተኝቶ ጅብ ሲሸት የሚጮህ ይፈለጋል። ሆኖም ብቻውን ጅብ ልግጠም የሚል ጀግና አይፈለግም፤ ከተገኘም ብዙ ሌሊት አያድርም። ትራፊ በልቶ የሚኖር፣ ሳይበላም የሚያድር ይፈለጋል። ሰው ቤት የሚገባ፣ ምጣድ የሚልስ፣ በግ የሚነክስ ይባረራል ወይም ይገደላል። ይህ ለሺህ ዓመታት የተካሄደ ምርጫ ነው። ውጤቱም ቀልጠፍ ያለ፣ ጩኸቱ ከንክሻው የሚበልጥ፣ ሆዱ ለጥቂት የሚበቃው፣ ከሰው ሳይርቅ ሳይቀርብም የሚኖር ውሻ ነው።

ተረትና ምሳሌያችንም ይህንኑ ውሻ ነው የሚያውቀው። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚለው አባባል የአጥርን ጉዳይ ከማንም መሐንዲስ አሳምሮ ይናገራል። «የውሻ ደም ሆኖ ቀረ» ሲባል ደግሞ ጠያቂ የሌለው ነፍስ ማለት ነው። ይቺን ሁለተኛዋን አባባል ያዟት፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ነሐሴ 1895

አዲስ አበባ ስትቆረቆር እነዚህ ውሾች ከባለቤቶቻቸው ጋር አብረው ገቡ። የመኳንንቱ ሰፈር፣ የወታደሩ ድንኳን፣ የሚታረደው ከብት፣ ከየግቢው የሚጣለው አጥንት፣ ይህ ሁሉ ለውሻ ገነት ነው። ሌሊት ጅብ፣ ቀን ውሻ፣ በሰማይ ጥንብ አንሳ፤ ማዘጋጃ ቤቱ እስኪመጣ ድረስ የጽዳት ሠራተኞቹ እነዚሁ ነበሩ።

ዋጋውም ቶሎ መጣ። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ እብድ ውሻ በሽታ ታሪክና ባህላዊ ሕክምና አንድ ጽሑፍ አሳትመዋል። በሽታው በኢትዮጵያ ለዘመናት የታወቀ ነው። በአዲስ አበባ ግን የመጀመሪያው ትልቅ ወረርሽኝ ተብሎ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1903 የደረሰው ነው፤ በኛ አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም. ማለቂያ፣ ምኒልክ በዙፋን ላይ ሳሉ። ፓስተር ፓሪስ ውስጥ የመጀመሪያውን ልጅ በክትባት ካዳኑ 18 ዓመት ሆኗቸዋል። እዚህ ግን የነበረው ሥራ ሥርና ጠበል ነው።

የፓስተር ስም በኋላ ከተማችን ደረሰ። ከጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ ያለው የጤና ምርምር ተቋም ስሙ ስንት ጊዜ ቢቀያየርም ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ፓስተር» ነው የሚለው፤ ታክሲውም እንደዚያው ይጠራዋል። ውሻ የነከሰው የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ስም ነው። ለረጅም ዓመታት እዚያ ይሠራ የነበረው ክትባት ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ ነበር። የሚሰጠውም በየቀኑ ለተከታታይ ቀናት ሆድ ላይ በመወጋት ነው። የመርካቶ ልጆች ከውሻው ይልቅ መርፌውን ቢፈሩ አይፈረድባቸውም።

አንድ ሊነገር የሚገባው የሀገር ልጅ ሥራም አለ። ኢትዮጵያዊው የእንስሳት ሐኪም መኮንን ፈቃዱ እ.ኤ.አ. በ1972 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ ጤነኛ ከሚመስሉ ውሾች ምራቅ ቫይረሱን ማግኘታቸውን ገለጹ። «የሚያብደው ውሻ ምራቁ ይዝረከረካል፣ ጅራቱን ይቆልፋል፣ አይተን እንለየዋለን» ለሚል ሰው ይህ ጥሩ ዜና አይደለም። የዓለም ሳይንቲስቶችም ሥራቸውን ለዓመታት ሲጠቅሱት ኖረዋል።

የፈረንጅ ውሻ

ይህ በእንዲህ እንዳለ ሌላ ዓይነት ውሻ በሌላ በር ገባ። «የፈረንጅ ውሻ» ይባላል። ስሙ ራሱ ብዙ ይናገራል፤ ዝርያው ምንም ይሁን ምን፣ ዋናው ነገር ከሰው ጋር ቤት ውስጥ መኖሩ ነው። የሐበሻ ውሻ ደጅ ነው፣ የፈረንጅ ውሻ ሳሎን ነው። ልዩነቱ ከደም ይልቅ የአድራሻ ነው።

በአድራሻ ከሆነ ሉሉን የሚያህል የለም። ሉሉ የጃንሆይ ቺዋዋ ነበር። ቺዋዋ ከሜክሲኮ የመጣ፣ ክብደቱ ከ3 ኪሎ የማይበልጥ፣ የዓለም ትንሹ የውሻ ዝርያ ነው። ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ብዙ ፎቶ ተነሥቷል፣ በጉዞ ተከትሏቸዋል፣ ሲሞትም በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ግቢ ድንጋይ ቆሞለት ተቀብሯል። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሉሉ የባለሥልጣናት ጫማ ላይ ሲሸና ሥራው መጥረግ ብቻ የነበረ አንድ የቤተ መንግሥት አገልጋይ አለ ይላል። መጽሐፉ ስማቸው ያልተጠቀሰ ሰዎች ተናገሩ በሚል የተጻፈ በመሆኑ ብዙ የታሪክ ሰዎች አያምኑትም። እኔም ጨዋታ አሳምሮ ነው ባይ ነኝ። ዓለም ግን ሉሉን ያወቀው በዚያ ጫማ ነው።

እኛ የጃንሆይን ውሾች የምናስታውሰው በሌላ ምክንያት ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ በቴሌቪዥን አንድ ፊልም አሳየ። እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ የቀረጸበት ፊልም ነው። በረሃብ የተጎዱት ሰዎች ምስል መካከል ላይ ግን የቤተ መንግሥቱ ድግስ ተቆርጦ ገብቷል። ንጉሠ ነገሥቱ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲመግቡም ይታያል። በማግስቱ ጃንሆይ ከዙፋን ወረዱ።

አቆራረጡ ጨካኝ ፕሮፓጋንዳ ነበር። ነገር ግን ያልነበረ ስሜት አልፈጠረም፤ የነበረውን ነው የነካው። ሰው በሚራብበት ሀገር ለውሻ ሥጋ መስጠት ምን ማለት ነው? ዛሬም አንድ የከተማ ልጅ ለውሻው ከውጭ የመጣ የታሸገ ምግብ ሲገዛ፣ አጠገቡ የቆሙት እናት «ኧረ በስመ አብ!» ማለታቸው አይቀርም። ውሻ ልምረጥ የሚል ኢትዮጵያዊ ይህን ጥያቄ ዘሎ አያልፈውም። የሚመርጠው ውሻ ስንት ይበላል የሚለው የበጀት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጎረቤትም ጉዳይ ነው።

እስቲ ከጀርመኑ ውሻ እንጀምር፣ የሁሉም ምኞት እሱ ስለሆነ። ጀርመን ሼፐርድን እንደ ዝርያ ያቋቋመው ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የሚባል የፈረሰኛ ጦር መኮንን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1899። የፈለገው የበግ እረኛ ነበር። ቀኑን ሙሉ መንጋ ሲከብ የሚውል፣ ትእዛዝ የሚጠብቅ፣ ሥራ ሲያጣ የሚታመም ውሻ። የበጉ ሥራ ሲቀንስ ለፖሊስና ለጦር ሠራዊት አስተዋወቀው። ወንዱ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል፤ በቀን ከ1500 ካሎሪ በላይ ይፈልጋል፤ ይህ ከአንድ ሰው ቀለብ ብዙም አያንስም።

ይህን ውሻ አምጥተን ምን አደረግነው? ከበሩ ጎን ባለች የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ በሁለት ሜትር ሰንሰለት አሰርነው። ሽሮና እንጀራ ሰጠነው። ሌሊት ለቀቅነው፣ ሲነጋ አሰርነው። በሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ብለን ጻፍን። እውነትም ኃይለኛ ሆነ። እረኛ ሊሆን የተወለደ ፍጡር ዕድሜ ልኩን አንድ አጥር ሲያይ ካበደ ምኑ ይገርማል? ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ሥራውን በግማሽ ቀለብ የሚሠራ ውሻ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያየው የነበረ መሆኑ ነው።

ቤት የሌለው ሰፈር ውሻ

አሁን መርካቶ ገባን። ቦርሳችሁን ያዙ።

የከተማዋ ዋና ገበያ ድሮ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አካባቢ ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ አራዳን ለነጮች ይዞ «የአገሬው ገበያ» ያለውን ወደ ምዕራብ ገፋው። ሰፈሩ አዲስ ከተማ ተባለ፤ ገበያው ከነጣሊያንኛ ስሙ መርካቶ ሆኖ ቀረ። የዘር መለያየት ዕቅድ የአፍሪካን ትልቅ ክፍት ገበያ ወለደ ማለት ነው፤ ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ትቀልዳለች።

ገበያው በተራ ተከፋፈለ፤ ሸማ ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ጌሾ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ ቦምብ ተራ። ቤቱ ሱቅ ነው፣ ሱቁ መጋዘን ነው፣ ከኋላ ያለችው ክፍል መኖሪያ ናት። ግቢ የለም። ቢኖርም በ1967 ዓ.ም. ሐምሌ ትርፍ ቤት ሲወረስ ለብዙ አባወራ የተከፋፈለ ነው፤ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ በር። እንግዲህ በዚህ ሁሉ መካከል ውሻ ማሳደግ የሚፈልግ ሰው የት ያስረዋል?

አያስረውም። የመርካቶ መልስ ይህ ነው። ውሻው የቤት ሳይሆን የተራ ነው።

ቀን ስትሄዱ አታዩትም፤ ወይም አይታችሁ አትመለከቱትም። ከቦንዳ ጥግ፣ ከጋሪ ሥር፣ ከተከመረ ካርቶን ኋላ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ተሸካሚው «ዞር በል!» እያለ ይዘለዋል፤ እሱም አንድ ጆሮውን አንሥቶ መልሶ ይጥላል። የሕዝቡን ብዛት ላየ ሰው ይህ ውሻ በቀን ስንት እግር እንደሚያልፍበትና ስንቱን እንደማይነክስ ማሰብ ይገባዋል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን በሮች መዘጋት ይጀምራሉ፤ ቁልፉ በቁልፍ ላይ ይደራረባል። ዘበኛው ካፖርቱን ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ፣ ካርቶኑን አንጥፎ ሲቀመጥ ውሻው ይነሣል፣ ይንጠራራል፣ ከጎኑ ይቀመጣል። ደመወዝ የሌለው ሁለተኛ ፈረቃ።

ዘበኛውን ውሻው ለምን ይጠቅመዋል ብላችሁ ብትጠይቁት መልሱ አጭር ነው። «እንቅልፍ ይዞኝ ቢሄድ እሱ አይተኛም።» መንከስ አይጠበቅበትም፤ ቀድሞ መስማት ብቻ ነው። ውሻው የተራውን ሰው ያውቃል፣ የሌላ ተራ ሰው ሲመጣ ይጮሃል፣ የሱ ጩኸት የቀጣዩን ተራ ውሻ ያስነሣል። በደርግ ዘመን፣ ሰዓት እላፊ በታወጀባቸው ሌሊቶች፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲከተት መንገዱ የነዚህ ውሾች ነበር።

ምን ይበላል? እዚህ ላይ ያ የመስከረም 1 ጥያቄ ይመለሳል። መርካቶ ውስጥ የሆቴል ትራፊ እንኳ ዋጋ አለው። «ቡሌ» ተብሎ ተሰብስቦ ለሰው ይሸጣል። ሰው ቡሌ በሚበላበት ሰፈር ለ40 ኪሎ ውሻ ሥጋ የሚገዛ ሰው ቢኖር ጉዱ ነው። የተራው ውሻ የሚበላው ከቡሌ የወረደውን ነው፤ ልኳንዳው የጣለውን አጥንት፣ ሰው ሊበላው የማይችለውን ጅማት። ከማንም አፍ አይነጥቅም። ስለዚህ ማንም አይመቀኘውም። በአንድ ድሃ ሰፈር ውስጥ ውሻ ሆኖ ለመኖር ይህ ትልቅ ጥበብ ነው።

ከዚያ የእምነቱ ጉዳይ አለ። መርካቶን የገነባው ነጋዴ ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ሐረሪው፣ የመናዊው፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ዶርዜው ነው፤ ከመካከላቸው ሙስሊሙ ብዙ ነው። በሻፊዒ መዝሀብ የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር። ሰላት የሚሰግድ ሰው ውሻ ክፍሉ ውስጥ እንዲገባ አይፈልግም። ለአደን፣ ለመንጋና ለጥበቃ ውሻ መያዝ ግን የተፈቀደ ነው። ለዚህ ሰው የትኛው ውሻ ይስማማዋል? ደጅ የሚያድር፣ ሱቁን የሚጠብቅ፣ ደፍ የማይሻገር። የተራው ውሻ ይህን ደንብ ማንም ሳያስተምረው ያከብራል። ክርስቲያኑም ቢሆን ከዚህ አይርቅም፤ «ቤተ ክርስቲያን እንደገባች ውሻ» የሚለው አነጋገር ከየት መጣና!

ሆኖም ሁለቱም እምነቶች ስለ ውሻ ሌላም ነገር ይነግሩናል፤ ነገሩ የሚያስደንቅ ነው። በሐዲስ ውስጥ ጥም ሊገድለው የደረሰ ውሻ አይታ በጫማዋ ከጉድጓድ ውሃ ቀድታ ያጠጣች ሴት ኃጢአቷ ተማረላት ይላል። በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ላይ ደግሞ እመቤታችን ማርያም ለተጠማ ውሻ በጫማዋ ውሃ ስታጠጣ ትታያለች። ጫማ፣ ውሃ፣ ውሻ። መርካቶ መሀል ላይ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ ጎን ለጎን ቆመዋል። በሁለቱ መካከል በሚያልፈው መንገድ ላይ የተኛው ውሻ በሁለቱም ደጅ መግባት ክልክል ነው፤ በሁለቱም ትረካ ውስጥ ግን ውሃ ተሰጥቶታል።

ባለቤት ማነው?

እስካሁን ያወራሁት ደህናውን ነው። የተራው ውሻ አንድ ትልቅ ችግር አለበት፤ ወረቀት ላይ የለም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2071 ላይ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ በድንገት አምልጦት ቢሆንም እንኳ። ጥሩ ሕግ ነው። ግን በተራው ውሻ ላይ ምን ያስከትላል? ሌሊት ሲጠብቅ የሁሉም ነው፤ ልጅ ነክሶ ባለቤቱ ሲጠየቅ የማንም አይደለም። ሱቅ ያለው ዘበኛውን ያያል፣ ዘበኛው ሱቅ ያለውን ያያል፣ ውሻው ሁለቱንም ያያል።

ማዘጋጃ ቤት ደግሞ በሁለት ዓምድ ብቻ ነው የሚያስበው፤ ባለቤት ያለውና ባለቤት የሌለው። ባለቤት የሌለው ምን እንደሚሆን የከተማው ሰው ያውቀዋል። ስትሪክኒን የሚባል መርዝ በሥጋ ተደርጎ ሌሊት ይጣላል፤ ጠዋት ሬሳ ይለቀማል። ስትሪክኒን ጡንቻን እያኮማተረ የሚገድል መርዝ ነው፤ ሞቱ ቀላል አይደለም። የተራው ውሻ ለዓመታት የጠበቀው ሱቅ በር ላይ ሲገኝ ማንም «የኔ ነበር» አይልም። የውሻ ደም ማለት ይህ ነው።

ጭካኔውን እንተወውና በጤና ሚዛን ብቻ እናስላው። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ከመቶ 99 ያህሉ የሚያዘው በውሻ ነው። በበሽታው ተጠርጣሪ እንስሳት ከሚነከሱት 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ኢትዮጵያም በሽታው ክፉኛ ከሚጎዳቸው ሀገሮች አንዷ ናት። እንግዲህ መርዙ ይህን ይቀንሳል? የዓለም ጤና ድርጅት ውሻ መግደል በሽታውን እንደማያቆም፣ የሚያቆመው ከውሾቹ 70 በመቶውን መከተብ እንደሆነ ሲናገር ዓመታት ተቆጥረዋል። ምክንያቱም ሌላ አይደለም፤ ሳጥን ተራ ውሻ አልባ ሲሆን አጥንቱ ግን እዚያው ነው። በሳምንቱ ከወዲያ ማዶ ማንም የማያውቀው፣ ማንንም የማያውቅ፣ ያልተከተበ ውሻ ይመጣል። ልጆቹን የሚያውቀውን ገድለን የማያውቀውን ጋበዝን ማለት ነው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፤ ማዘጋጃ ቤት በቀደደው ደግሞ የባሰው ውሻ።

የተራው ውሻ እኮ ለክትባት ከሁሉም የተመቸ ነው። ዘበኛው ይጠራዋል፣ ይመጣል፣ ይያዛል። ስም አለው፤ ብዙ ጊዜ «ቡቺ» ነው፣ ግን ስም ነው። የት እንደሚያድር ይታወቃል። የጎደለው የነጋዴዎቹ ማኅበር ለዘበኛ ከሚያዋጣው ላይ ጥቂት ብር ጨምሮ አንድ የእንስሳት ሐኪም በዓመት አንድ ቀን መጥራቱና አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ማሰሩ ነው። አንድ ተራ ሙሉ በአንድ ጠዋት ያልቃል። ለእድር፣ ለእቁብ፣ ለጽዋ የማይቸገር ሰፈር ለዚህ ይቸገራል ብዬ አላምንም።

አንተስ ምን ትመርጣለህ?

አንባቢዬ ግን መርካቶ ሱቅ ላይኖርህ ይችላል። ምናልባት የምትኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፤ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ከተማችን ወደ ላይ መብቀል ጀምራለች። አራተኛ ፎቅ፣ ሁለት መኝታ፣ የጋራ ደረጃ። እዚያ ያለ ጀርመን ሼፐርድ ለውሻውም ለጎረቤትም ቅጣት ነው፤ ቢጮህ ሃያ አባወራ ይሰማል፣ ባይጮህ ለምን ገዛኸው? ሮትዋይለር ከሆነ ደረጃው ላይ የሚጫወቱትን ልጆች እናቶች መልስ መስጠት ይጠበቅብሃል። ቀኑን ሙሉ ሥራ የምትውል ከሆነ ውሻው እንደ እስረኛ ነው፤ ይህን ዝርያ አይቀይረውም። እንደ ሉሉ ያለ ትንሽ ውሻ ለፎቅ ይመቻል ይባላል። ትንሽ ይበላል፣ ትንሽ ቦታ ይይዛል። የክረምት ብርዳችንን ግን አይችልም፣ ብቻውን መዋልም አይችልም፤ ሉሉ ቤተ መንግሥት ሙሉ ሰው ነበረው።

ግቢ ካለህ፣ ሌሊት የሚጮህልህ ከፈለግህ፣ ከጎረቤት የተወለደ የሐበሻ ቡችላ ውሰድ። ገንዘብ አያስወጣም፤ እናቱን ታያታለህ፣ ሰው ስትቀርብ ምን እንደምታደርግ ታያለህ፣ ልጇም ብዙ ጊዜ እሷን ነው። ሁለት ወር ሳይሞላው ከእናቱ አትለየው። ልጅነቱን ከሰው ጋር ያሳልፍ፤ ሦስት ወር ሳይሞላው ልጅ፣ ሽማግሌ፣ ባለዱላ፣ ባለነጠላ፣ ባለጀበና ሁሉ ይየው። ሰንሰለቱን ተውና አጥሩን ጠግን። ቤትህ ውሻ የማይገባበት የእምነት ቤት ከሆነ ለሱ ዝናብ የማያስገባ ደጅ ሥራለት፤ ቅር አይለውም፣ አባቶቹም እንደዚያው ነበሩ።

ሴት ከሆነች ቡችሎቿን የት እንደምታደርስ ከአሁኑ አስብ፤ አለዚያ አምካናት። ማንም ውሻ ቢነክስህ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠብ፤ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ይቆይህና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂድ። የውሻህ የመጀመሪያው የእብድ ውሻ ክትባት ሦስት ወር ሲሞላው ነው፤ ከዚያ በየዓመቱ። ወረቀቱን አትጣለው።